አሳታፊ ኢንስታሌሽን ለማቆም የትኛው የሕዝብ ቦታ ይሻላል? ሦስት አማራጮች አሉን

ድምፀ ብርሃን (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። አራት ሆነን የምንሠራው አንድ አሳታፊ ኢንስታሌሽን (ሰው እየነካ የሚሳተፍበት፣ በቦታ ላይ የሚቆም የጥበብ ሥራ) አለ፤ ሥራው ሊጠናቀቅ ቢቃረብም የሚቆምበትን ቦታ ገና አልወሰንንም። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ አሥራ ሁለት የብረት ምሰሶዎች በክብ ይቆማሉ፤ አንድ ሰው አንዱን ምሰሶ በእጁ ሲነካው ምሰሶው ይበራና አንድ ድምፅ ያሰማል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች የተለያዩ ምሰሶዎችን በአንድ ጊዜ ሲይዙ ደግሞ ድምፆቹ ተዋሕደው ማንም ሰው ብቻውን ሊያወጣው የማይችለው ዜማ ይወጣል። ለሦስት ወር ያህል እንዲቆም ታስቧል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ስንነጋገር ሦስት ቦታዎች ቀረቡልን። አንዱ ከባቡርና ከአውቶቡስ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለ ሰፊ አደባባይ ነው። ሌላው ዛፍ የበዛበት ጸጥ ያለ መናፈሻ ሲሆን፣ ሦስተኛው ለመኪና ዝግ የሆነ የገበያ መንገድ ነው። ከአራታችን ሦስቱ ወደ አደባባዩ ያደላሉ፤ በቀን የሚያልፍበት ሰው የሌሎቹ ሁለቱ ተደምሮ እንኳ የማይደርስበት ነውና። እኔ ግን ምክንያቴን በቅጡ ማስረዳት ባልችልም ልቤ አልተቀበለውም። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ ወይም ስለ ከተማ ቦታዎች የምታውቁ ብትኖሩ፣ ቦታን በምን መለኪያ እንደምትመርጡ ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው።

እግረኛ ቆጣሪ

ልብዎን የከበደው ነገር ይገባኛል። ባልደረቦችዎ የቆጠሩት የሚያልፈውን ሰው ነው፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሥራ ግን መቆጠር የነበረበት የሚቆየው ሰው ነው።

አሜሪካዊው ዊልያም ዋይት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በኒው ዮርክ አደባባዮች ላይ ካሜራ እየጠመደ ሰዎች የት እንደሚቆሙ፣ የት እንደሚቀመጡና ምን ያህል እንደሚቆዩ ሲያጠና፣ አንዱ አደባባይ ሞልቶ ሌላው ለምን ባዶ እንደሚውል ለማወቅ ስፋታቸውንም ቅርጻቸውንም መርምሮ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልዩነቱን ያስረዳው ግን ምን ያህል መቀመጫ አለ የሚለው ነው፤ ከተማዋም በጥናቱ ተመርታ እ.ኤ.አ. በ1975 አደባባይ የሚሠሩ ባለ ሕንፃዎች በስፋቱ ልክ መቀመጫ እንዲያዘጋጁ ደንቧን አሻሽላለች። ዋይት ከዚህ ሌላ ለእናንተ በቀጥታ የሚጠቅም ነገር አስተውሏል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው አንድ ሦስተኛ ነገር ሲያዩ፣ ሙዚቀኛም ይሁን ሐውልት፣ የቆየ ትውውቅ እንዳላቸው ሁሉ ወሬ ይጀምራሉ። እናንተ የምትሠሩት ያንን ሦስተኛ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቦታው መጀመሪያውኑ ጎን ለጎን መቆም የሚቻልበት መሆን አለበት።

አሁን ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ እናስላው። ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ በሴኮንድ 1.3 ሜትር ያህል ይራመዳል። ምሰሶዎቻችሁን አሥር ሜትር ሲቀረው ልብ ቢል፣ ምን እንደሆኑ ለመረዳት፣ ለመሳተፍ ለመወሰንና አቅጣጫውን ለመቀየር ስምንት ሴኮንድ እንኳ አይሞላለትም፤ ያውም ባቡር እንዳያመልጠው እየሰጋ። ዴንማርካዊው የከተማ አጥኚ ያን ጌል ከቤት ውጭ የምንሠራውን ሥራ ግድ የሆነብንና በፈቃዳችን የምናደርገው ብሎ ይለየዋል። ጣቢያ የሚሄድ ሰው ግድ ሆኖበት የሚሄድ ነው፤ ምሰሶ መንካት ደግሞ በፈቃድ የሚደረግ ነገር ነው።

በዚህ ላይ የይሉኝታ ጉዳይ አለ። ተመራማሪዎቹ ሃሪ ብሪግኑልና ኢቮን ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ2003 በሰዎች መሰባሰቢያ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ስክሪን ሲያጠኑ፣ ሰውን ከመሳተፍ የሚያግደው በአብዛኛው በሰው ፊት ሞኝ መስሎ የመታየት ፍርሃት መሆኑን፣ አንድ ሁለት ሰው ሲጀምር ግን ንብ ወደ ማር እንደሚሰበሰብ ሌላው እንደሚከተል አይተዋል። ስለዚህ ከምሰሶዎቹ በተጨማሪ ሰው ሳይሳተፍ፣ ሳያፍር፣ ዝም ብሎ ሌላውን የሚያይበት ቦታ ያስፈልጋችኋል። ደረጃ፣ ዝቅ ያለ የግንብ ጠርዝ፣ የዛፍ ጥላ ሊሆን ይችላል። ይህ በሌለበት ምሰሶዎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ የመጀመሪያው ሰው አይመጣም።

ከመወሰናችሁ በፊት በሦስቱም ቦታዎች በየሰዓቱ አሥር አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። በአንድ ወረቀት ላይ የሚያልፈውን፣ በሌላው የቆመውን፣ በሦስተኛው የተቀመጠውን። በሥራ ቀንም በእረፍት ቀንም ይሁን። የቦታውን ንድፍ ይዛችሁ ሰዎች የሚሄዱበትን መስመር በእርሳስ አስምሩበት፤ መስመሮቹ ከተደራረቡበት ራቁ፣ ከጎናቸው ባለው ባዶ ኪስ ላይ ግን ዓይናችሁን ጣሉ።

ባለ ደረጃው

ከእግረኛ ቆጣሪ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም መተላለፊያ ቦታን እንዲህ በአንድ ጊዜ መጣል የሚገባ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ኦደንፕላን ጣቢያ ደረጃው የፒያኖ ቁልፍ ተደርጎ ሲሠራ፣ ሰዎች ቆመው እንዲያዩት አልጠየቀም፤ ሲወጡና ሲወርዱ ራሱ እርምጃቸው ድምፅ ይሆን ነበር። በኤሌክትሪኩ ደረጃ ፋንታ በእግር መውጣትን የመረጡት ከወትሮው በ66 በመቶ በለጡ ተብሎ ተነግሯል። ስለዚህ ጥያቄው ሥራችሁ መቆምን ይጠይቃል ወይስ በመራመድ ላይ እያሉ ሊሳተፉበት ይቻላል የሚለው ነው።

እግረኛ ቆጣሪ

ልክ ነዎት፣ ይህንን መለየት ነበረብኝ። ነገር ግን የስቶክሆልሙ ደረጃ በአንድ የመኪና አምራች የማስታወቂያ ዘመቻ የተሠራ ለጥቂት ጊዜ የቆየ ነገር እንደነበር አይርሱ። አዲስ ነገር በመጀመሪያው ቀን የሚስበው ሰውና በሁለተኛው ወር የሚስበው ሰው አይመሳሰልም፤ የጠያቂያችን ሥራ ሦስት ወር ይቆማል። ደግሞም ምሰሶ ይዞ ሌላ ሰው ሌላውን እስኪይዝ መጠበቅ ከመቆምም አልፎ መዘግየት ነው።

ሽቦና ብሎን

የኤሌክትሪክና የተከላ ሥራ ነው የምሠራው። ስለ ሰው ጠባይ ከላይ የተጻፈው ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ማንም ባላሰበው ተራ ነገር ነውና እኔ ከመሬቱ ልጀምር።

አደባባዩ ከሥሩ ባዶ መሆኑን ጠይቃችኋል? ጣቢያ ባለበት ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ወይም መተላለፊያ መኖሩ የተለመደ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ወለሉ ጣሪያ ስለሆነ በብሎን መብሳት ውኃ መከላከያውን ይቀድደዋልና ማንም አይፈቅድላችሁም። የሚቀረው ምሰሶውን በክብደት ማቆም ነው። በሦስቱም አቅጣጫ ግማሽ ግማሽ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ድንጋይ 300 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ አሥራ ሁለት ምሰሶ በአሥራ ሁለት ድንጋይ ሲሆን ሥራችሁ ከራሱ ከብረቱ በፊት 3.6 ቶን ሆነ ማለት ነው። ሕዝብ እንዲሰበሰብበት ታስቦ የተሠራ ወለል ብዙ ጊዜ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ግራም ያህል እንዲሸከም ይሰላል፤ አንዱ ድንጋይ ያረፈባት ሩብ ካሬ ሜትር ግን ስትሰላ በካሬ ሜትር 1,200 ኪሎ ግራም ይደርስባታል። ስለዚህ ክብደቱን በሰፊ ብረት ላይ ማከፋፈል ግድ ነው፤ መሐንዲስም ፈርሞ ማጽደቅ አለበት። ምሰሶውን ስታሰሉም የሚነካው እንዳለ ሁሉ የሚንጠለጠልበትም እንደሚኖር አስቡ። ልጆች ያለ ጥርጥር ይንጠለጠሉበታል።

መናፈሻው ደግሞ የዛፍ ሥር አለው። ኬብል ለመቅበር የሚቆፈረው ጉድጓድ ሥሩን ከቆረጠ ዛፉ የሚደርቀው እናንተ ሥራችሁን ነቅላችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚወቀሰው ግን ቀጥሎ ፈቃድ የሚጠይቀው አርቲስት ነው።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ፣ ሰው የሚነካው ነገር ሁሉ ከ24 ቮልት ባልበለጠ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይሥራ፤ መጋቢው መስመርም ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው። ዝቅተኛ ቮልቴጅ ግን ርቀት አይወድም፤ ኬብሉ በረዘመ መጠን ቮልቴጁ እየወረደ ይሄዳልና የመጨረሻው ምሰሶ ከመጀመሪያው የደበዘዘ ይሆናል። ስለዚህ የኃይል ምንጩ ከየት እንደሚመጣ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት በሜትር ለኩ። መገጣጠሚያ ሳጥኖቹ ከአይፒ 65 (አቧራና ውኃ የመከላከል ደረጃ ነው) እንዳያንሱ፤ ስድስቱ አቧራ አያስገባም፣ አምስቱ በቱቦ የሚረጭ ውኃ አይጎዳውም ማለት ነው። መሬት ላይ ውኃ የሚያቁር ከሆነ ግን 65 አይበቃም፣ አይፒ 67 ያስፈልጋል። መብራቶቹን የሚሸፍነው ነገር በምት መቋቋም ደረጃው አይኬ 10 ቢሆን፣ አምስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ከአርባ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ወድቆበት የማይሰበር ነው።

አሁን ደግሞ የማትወዱትን ልናገር። በንክኪ የሚሠራ ሴንሰር ዝናብ ሲዘንብ ይቃዣል፤ በብረቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ እጅ ይመስለዋልና ማንም ሳይኖር ይዘፍናል። ጓንት ያደረገ እጅን ደግሞ ላያውቀው ይችላል። ፀሐይ የሚመታው ብረት በቀትር እጅ ያቃጥላል። መብራቱም ቢሆን ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት፣ እስከ 100,000 ሉክስ የሚደርስ ብርሃን ማለት ነው፣ ኤልኢዲው ይብራ አይብራ አይታወቅም። ከጓንቱ በቀር የሦስቱም ችግሮች መልስ አንድ ነው፦ ጥላ። በሕንፃ ወይም በዛፍ የተጠለለ ቦታ ከየትኛውም ሰፊና ገላጣ አደባባይ ይበልጥባችኋል።

ወደ አደባባዩ የሚያይ መስኮት

ሙያ የለኝም፤ ነዋሪ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር በመስኮቴ ሥር ለአንድ ወቅት ሙሉ ቆሞ ስለነበር ነው የምጽፈው። ጎብኚ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እኔ ያንኑ ዜማ በቀን መቶ ጊዜ እሰማ ነበር። ሥራውን የሠሩት ሰዎች ጨዋዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ስልክ ቁጥር የተለጠፈበት ቦታ አልነበረምና ማታ ድምፁ ሳይዘጋ ሲቀር ማንን እንደምጠራ አላውቅም ነበር።

አንድ የድምፅ ባለሙያ ኋላ ላይ እንዳስረዳኝ፣ በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በአንድ ሜትር ላይ 70 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በአራት ሜትር 58፣ በአሥራ ስድስት ሜትር 46፣ በሠላሳ ሁለት ሜትር 40 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ሌሊት ከቤት ውጭ ያለው ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። እንግዲህ ከመኖሪያ መስኮት ሠላሳ ሜትር መራቅ በወረቀት ላይ ይበቃል ማለት ነው። በግንብ በተከበበ አደባባይ ግን ድምፁ እየተላተመ ስለሚመለስ ስሌቱ እንደዚያ አይሠራም። በአራት በኩል ሕንፃ ካለ እኔን አይጠይቁኝ፣ ፎቅ ላይ ወጥተው ያዳምጡ።

ድምፀ ብርሃን

ይህንን ፈጽሞ አላሰብነውም ነበር። ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ማድረግ ቅሬታውን ይቀንሰዋል ብለው ያምናሉ?

ወደ አደባባዩ የሚያይ መስኮት

ይረዳል። ከሁሉ በላይ የረዳን ግን በሁለተኛው ወር ሠሪዎቹ ራሳቸው መጥተው የድምፁን ከፍታ እንደ ቀኑ ሰዓት ሲቀይሩት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ብቻ ይቀር ነበር። እንዲያውም ያለ ድምፅ የበለጠ ያምር ነበር ብል አርቲስቶቹን ቅር አላሰኛቸውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ድንጋይ ጠራቢው

እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ቀራፂ ነኝና ነገሩን ከሌላ ጫፍ ልይዘው። እናንተ ሥራውን ጨርሳችሁ ቦታ ትፈልጋላችሁ። እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ዛሬ ግን ቦታው ሥራውን ቢወልደው እመርጣለሁ።

በክሮኤሺያዋ ዛዳር ከተማ በባሕር ዳርቻ የሚገኘውን የባሕር ኦርጋን ተመልከቱ። አርክቴክቱ ኒኮላ ባሺች እ.ኤ.አ. በ2005 ሰባ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የድንጋይ ደረጃ ሥር ሠላሳ አምስት ቱቦዎች ቀበረ፤ ማዕበሉ ሲገባ አየሩን እየገፋ ያዜማል። ሰዎች የሚቀመጡት በመሣሪያው ላይ ነው፤ ሴንሰር የለም፣ ብሬከር የለም፣ ባሕር ብቻ። ያንን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ብትወስዱት የቱቦ ክምር ነው። አንዳንዱ ሥራ ቦታውን እንዲህ አጥብቆ ይይዛል፣ እናንተም ምሰሶዎቻችሁን ከሆነ ቦታ ጋር እንዲህ ማጣበቅ ባትችሉ እንኳ ቢያንስ አንድ ነገር ከቦታው ይቀበሉ፤ ቅርጻቸውን፣ አቀማመጣቸውን፣ ድምፃቸውን።

ተቃራኒውም አለ። ቀራፂው ሪቻርድ ሴራ እ.ኤ.አ. በ1981 በኒው ዮርክ የፌዴራል አደባባይ ላይ ርዝመቱ 36 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 3.7 ሜትር ያህል የሆነ ያጋደለ የብረት ግድግዳ አቆመ። ሥራውን የጠላሁት ሰው አይደለሁም። እንዲያውም መነሣቱ ዛሬም ይቆጨኛል። ነገር ግን በየቀኑ አደባባዩን አቋርጠው ወደ ቢሮ የሚገቡት ሠራተኞች መንገዳቸው ተዘግቶ ዙሪያውን እንዲሄዱ ተገደዱ፤ ቅሬታው አደገ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ሕዝባዊ የአቤቱታ መድረክ ተካሄደ፣ ቀራፂው ከቦታው ማንሣት ማፍረስ ነው ብሎ ቢከራከርም በ1989 ተቆራርጦ ተነሣ። ሰዎች በእግራቸው ያወጡትን መንገድ የሚዘጋ ሥራ፣ በፍርድ ቤት ቢያሸንፍ እንኳ በዚያ ቦታ ሰላም አያገኝም።

የራሴን ስሕተት ልጨምር። ከብዙ ዓመታት በፊት የሚሽከረከሩ ድንጋዮች ያሉበትን አንድ ሥራዬን ለፎቶግራፍ እንዲያምር ብዬ በአንድ ባዶ አደባባይ መሐል ለመሐል አቆምኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው እንደ መቃብር እየዞረው አለፈ። መሐል ላይ ያለን ነገር ለመንካት ሰው ከየአቅጣጫው እየታየ ብቻውን ወደ መድረክ እንደ መውጣት ነውና። ተበሳጭቼ በክሬን አስነሥቼ ሃያ ሜትር ያህል ወደ ጠርዙ፣ ከአንድ ደረጃ አጠገብ አዛወርኩት። ድንጋዩ ያው፣ አደባባዩ ያው ነበር፤ በማግሥቱ ግን ስደርስ ሁለት አሮጊቶች እያሽከረከሩት ይሳሳቁ ነበር።

በአራት ጎማ

በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምሄደው፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ከሌሎቹ ያጥራል፦ እዚያ መድረስ እችላለሁ? መናፈሻው መንገዱ ጠጠር ከሆነ አልችልም፤ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ የልጅ ጋሪ የሚገፋም አይችልም። የገበያው መንገድ በድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፈ ከሆነ እደርሳለሁ፣ ግን ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

ከደረስኩ በኋላ ደግሞ ለማለፍ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ለመዞር 1.5 ሜትር ስፋት ያስፈልገኛል። በምሰሶዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ብትተዉ የክቡ ዙሪያ 18 ሜትር፣ ወርዱ ወደ 5.7 ሜትር ይሆናል፤ በዙሪያው ደግሞ የሚመለከቱ ሰዎች የሚቆሙበት ሁለት ሁለት ሜትር ስትጨምሩ አሥር ሜትር ገደማ የሆነ ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋችኋል። ለእሳት አደጋ መኪና ክፍት መተው ያለበትን መሐለኛውን መስመር ስትቀንሱ የገበያው መንገድ ይህንን ያህል ስፋት ይኖረዋል ብዬ አልጠብቅም። የሚነካው ክፍል ከመሬት ከ40 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ባለው ውስጥ ቢሆን እኔም ትንንሽ ልጆችም እንደርሳለን። ለማየት ለተሳናቸው ደግሞ ምሰሶው እስከ ታች ድረስ በበትር የሚገኝ ይሁን፤ ከወገብ በላይ ብቻ የወጣ ነገር ግንባር ይመታል። መብራቱም በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይብለጨለጭ አደራ፤ ብልጭታ የሚጥል በሽታ የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ።

ሩቅ አዳሪ

ሁላችሁም የምታወሩት እጅ ስለሚደርስበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በርሊን አሌክሳንደርፕላትስ ላይ ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር አባላት የአንድ ሕንፃ 144 መስኮቶችን በመብራት ወደ ግዙፍ ስክሪን ቀይረው፣ ሰዎች ከታች ሆነው በእጅ ስልካቸው የኳስ ጨዋታ ይጫወቱበት ነበር። ያ ሥራ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ሰፊ፣ ገላጣና ከሩቅ የሚታይ ቦታ። እናንተ ያ አይደላችሁም፤ ነገር ግን አደባባዩን ያቀረበላችሁ ባለ ሥልጣን በልቡ የሚያስበው ያንን ዓይነት ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላልና ቀድማችሁ ብትነግሩት አይከፋም።

ጥርጣሬ አይገድልም

ማታ ማን ይጠብቀዋል? እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ኒው ዮርክንና ደብሊንን በቀጥታ ምስል ያገናኘው ክብ ስክሪን ሳምንት ሳይሞላው ጥቂት ሰዎች ነውር ስላሳዩበት ለጊዜው ተዘግቷል። ሲመለስ ሰው ወደ ካሜራው በጣም ሲጠጋ ምስሉ እንዲደበዝዝ ተደርጎና የሰዓት ገደብ ተበጅቶለት ነው። እናንተ ካሜራ አትጠቀሙም፣ ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ሰው ፊት የሌለበት ጨለማ ጥግ የተሠራውን ሁሉ ይሰብራል። መናፈሻው ማታ የሚዘጋ ነው?

ድምፀ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ጠፍቼ የነበረው እንደተነገረን በየቦታው እየተቀመጥን ስንቆጥር ስለሰነበትን ነው፤ የሚከተለውን አገኘን።

መናፈሻው ማታ ይዘጋል። መብራታችን የሚያምርበት ሰዓት በሩ የሚቆለፍበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ላይ መንገዱ ጠጠር ነው። የገበያውን መንገድ በሜትር ለክተነው «በአራት ጎማ» የገመቱት ደረሰ፤ መሐለኛው መስመር ሲቀነስ ክባችን አይገባበትም። አደባባዩ መሐሉ ከመሬት በታች መተላለፊያ አለው፣ ሰውም በእርግጥ በጥድፊያ ነው የሚያቋርጠው፤ በእርሳስ ያሰመርናቸው መስመሮች ሁሉ ከጣቢያው በር ወደ መንገድ ማቋረጫው እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ተገኙ።

ነገር ግን ወረቀቱን ስናየው አንድ ባዶ ኪስ አለ። በአደባባዩ በአንድ በኩል፣ ከረጅም ሕንፃ ሥር አምስት እርከን ያለው ሰፊ ደረጃ ይገኛል፤ ከሥሩም የአውቶቡስ መጠበቂያው ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች እዚያ ይቀመጣሉ፤ ጊዜ አላቸው፣ ሥራ ግን የላቸውም። መተላለፊያው እዚያ ድረስ አይደርስም፤ ከደረጃው በስተጀርባ ያለው ሕንፃ ቢሮ ስለሆነ ማታ የሚተኛበት የለም። ከመኖሪያ ቤት የሚቀርበው መስኮት ከመቶ ሜትር በላይ ይርቃል። ማዘጋጃ ቤቱ ለብቻው እንደ አማራጭ ስላላቀረበልን ሳናየው ነው የኖርነው።

ችግሩ ሙሉ ክብ አይበቃውም። ምሰሶዎቹን ወደ ዘጠኝ ቀንሰን፣ ጀርባቸውን ለአውቶቡሶቹ ሰጥተው ወደ ደረጃው የተከፈተ ግማሽ ክብ ብናደርጋቸው ደረጃው ራሱ የተመልካቹ መቀመጫ ይሆናል ብለን እያሰብን ነው። ድምፃቸውንም ከአውቶቡሶቹ ጉርምርምታ ከፍ ባለ ድምፀት እናቃኘዋለን፤ ድንጋይ ጠራቢው ከቦታው አንድ ነገር ተቀበሉ ያሉትን እንደዚህ ተረድቼዋለሁ። በንክኪው ሴንሰር ፋንታ ደግሞ ጥቂት የሚገፋ የእንጨት እጀታ ለማድረግ ወስነናል።

ድንጋይ ጠራቢው

ደግ አድርጋችኋል። ሆኖም አንድ ነገር አለ። ያ ደረጃ ባዶ አይደለም። የምትሉትን ቦታ በየቀኑ የሚቀመጡበት ሰዎች አስቀድመው ይዘውታል፤ እናንተ ስትመጡ ጸጥታቸውን ትወስዱባቸዋላችሁ። ጠይቃችኋቸዋል?

ድምፀ ብርሃን

አልጠየቅናቸውም። ዛሬ ማታ ሄጄ ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ። አንድ አባት በየቀኑ አመሻሽ ላይ ልጃቸውን የሚጠብቁት እዚያ እንደሆነ ነገሩኝ፤ መምጣታችንን አልተቃወሙም፤ ከደረጃው በግራ በኩል ያለውን ጫፍ ግን እንድንተውላቸው ጠየቁኝ፣ ከዚያ ሆኖ የጣቢያው በር ይታያልና። ግማሽ ክቡን ወደ ቀኝ ሦስት ሜትር ገፋ እናደርገዋለን።

እግረኛ ቆጣሪ

ከመትከላችሁ በፊት ዘጠኝ ባዶ የእንጨት ምሰሶ ለአንድ ሳምንት አቁሙና እንደገና ቁጠሩ። ሽቦ ሳይኖራቸው፣ ብርሃን ሳይኖራቸው። ሰው ተደግፎባቸው ካገኛችሁ ቦታው ተስማምቷል፤ ወደ አውቶቡሱ የሚሮጥ ሰው ከተጋጨባቸው ደግሞ ያለ ብዙ ወጪ ታነሡአቸዋላችሁ።

ድምፀ ብርሃን

ማዘጋጃ ቤቱ ለአንድ ሳምንት ፈቅዶልናል። ቅዳሜ ጠዋት እናቆማቸዋለን።

ሽቦና ብሎን

ከደረጃው ሥር የፍሳሽ መቀበያ ክዳን መኖሩ አይቀርም። የትኛውንም ምሰሶ በላዩ እንዳታሳርፉ፤ ሊያጸዱት የሚመጡት ሰዎች ምሰሶውን ነቅለው ነው የሚከፍቱት። ዝናብ ከዘነበም ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ፎቶ አንሥታችሁ እዚህ ለጥፉልኝ፣ የሳጥኖቹን ከፍታ ከእሱ በኋላ እንነጋገርበታለን።